የእርካታው መሰላል በወንዝ ማዶ መንደር

በስምንተኛው ወር፣ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ መሰላሉን በበቅሎ ጭኜ ወንዝ ማዶ ወደሚባለው መንደር ገባሁ። ሰዓቱን እንዲህ አጥብቄ የምጽፈው ለመመጻደቅ አይደለም። የእርካታ መለኪያ ጽሕፈት ቤታችን መመሪያ፣ አንድ ሰው በሕይወቱ ምን ያህል እንደረካ ከመጠየቁ በፊት ሰዓቱ እንዲመዘገብ ያዝዛል። ከምሳ በፊትና ከምሳ በኋላ የሚሰጡ መልሶች እንደሚለያዩ ከተደረሰበት ብዙ ዓመት ሆኖታል። ይህ እንደታወቀ የተወሰደው እርምጃ ሰዓቱን መመዝገብ ነው። ስለ ምሳው የተወሰደ እርምጃ የለም።

አገራችንን ለማያውቅ አንባቢ ስለ መሰላሉ ጥቂት ማስረዳት ይኖርብኛል። በሌሎች አገሮች አጥኚዎች ሰውን «ሕይወትዎን በአጠቃላይ ሲያዩት ምን ያህል ረክተዋል? ከዜሮ እስከ አሥር ባለው ቁጥር ይግለጹልን» ብለው በቃል ይጠይቃሉ ይባላል። የእኛ ጽሕፈት ቤት መሥራቾች ግን ሰው በአፉ የፈለገውን ቢናገርም በእግሩ ለመዋሸት ይቸገራል የሚል ጽኑ እምነት ነበራቸው። ስለዚህ አሥር እርከን ያለው የእንጨት መሰላል አሠሩ። ተጠያቂው ሊኖር ይችል የነበረውን ከሁሉ የላቀ ሕይወት በአሥረኛው እርከን፣ ከሁሉ የከፋውን ደግሞ በመሬቱ ላይ አድርጎ ያስባል፤ ከዚያም የራሱ ሕይወት ወዳለበት እርከን ይወጣል። ጠያቂው ይጽፋል፤ ተጠያቂው ይወርዳል።

አሠራሩ እክል አልገጠመውም አልልም። አንድ ዓመት አናጺው ሦስተኛውን እርከን ከሌሎቹ ሰፋ አድርጎ ስለሠራው የሕዝቡ ግማሽ እዚያው ላይ ቆመ፤ ገሚሱም ተቀመጠ። የዚያ ዓመት ሪፖርት ርእስ «ሕዝቡ ተረጋግቷል» የሚል ነበር። በሌላ ዓመት ዝናብ እርከኖቹን ስላሙለጨለጨ አማካዩ በአንድ ወር ውስጥ አሽቆለቆለ፤ ሁለት የክፍል ኃላፊዎች ከሥራ ተሰናበቱ። ቀደም ሲል ደግሞ አረጋውያን፣ ሕመምተኞችና ነፍሰ ጡሮች መውጣት ስለማይችሉ መሬት ላይ ይቀሩ ነበር። መሬት ዜሮ ነው። ይህም የአገሪቱን ውጤት ክፉኛ ስላበላሸ፣ መውጣት የማይችል ሰው ሁሉ የመንደሩ አማካይ እንዲሰጠው ተወሰነ። ውሳኔው ርኅራኄ የሞላበት ነው ተብሎ በአደባባይ ተመስግኗል።

እኔ ከማኅበራዊ ጥናት ትምህርት ቤት አንደኛ ወጥቼ የተመረቅሁት ባለፈው ዓመት ነው። ይህን የማነሣው የሚከተለው ሁሉ ከዚያ ስለሚመነጭ ነው። በመመረቂያ ጽሑፌ አንድ ሐሳብ አቅርቤ ነበር፤ በአገራችን ባለሙያ ጥቂት ስለሆነ፣ በተለይም አዋላጆች በጣት የሚቆጠሩ ስለሆኑ፣ ምደባቸው በትውውቅና በአማላጅ መሆኑ ቀርቶ እርካታ በጎደለበት ቦታ ይሁን የሚል። የጽሕፈት ቤቱ የበላይ ኃላፊ አቶ ልሣነወርቅ ጽሑፉን ወደዱት፤ መመሪያ አደረጉት። አማካዩ ከሰባት በላይ የሆነ መንደር እርካታው የተረጋገጠ ስለሆነ አዋላጁ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል። ሐሳቡን ያፈለቅሁት ከልቤ ነበር። በመርሕ ደረጃ ስሕተት የለበትም እያልኩ አሁንም እከራከራለሁ፤ ከማን ጋር እንደምከራከር ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ወንዝ ማዶ አንዲት አዋላጅ ነበረቻቸው፤ ትርንጎ ትባላለች፤ በመንደሩ ስድስት ዓመት ኖራለች። መንደሩ ድልድይ የለውም። ክረምት ሲገባ ወንዙ ሞልቶ ከሁለት ወር በላይ ማንንም አያሳልፍም። እሷ ከመምጣቷ በፊት በዚያ ጊዜ ምጥ የያዛት ሴት እንዴት ትሆን እንደነበር የመንደሩን መቃብር ያየ ሁሉ ያውቃል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከደረስኩ በኋላ ነው፤ ልኬቱ ንጹሕ እንዲሆን ጠያቂ ስለሚጠይቀው መንደር አስቀድሞ ማወቅ አይፈቀድለትም። መንደርተኛውም ልኬቱ ለምን እንደሚውል አይነገረውም።

መሰላሉን በወፍጮ ቤቱ ግቢ አቆምን። መጀመሪያ የቀረቡት የወፍጮው ባለቤትና የመንደሩ ሽማግሌ ጋሽ ደባልቄ ናቸው። የመመሪያውን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ አነበብኩላቸው።

«ስንት ቀን ተጉዘሽ መጣሽ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ሁለት ቀን።»

ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞሩ። «ሁለት ቀን በበቅሎ ተንገላታ እንዴት ናችሁ ልትለን የመጣችን ልጅ፣ ታች ቆሜ ሆዷን ላባባው?» አሉና ስምንተኛው እርከን ድረስ ወጡ። እዚያ ሆነው «ይታያል?» ብለው ጠየቁኝ።

ጥያቄው እኔን የሚመለከት እንዳልሆነ፣ የእኔ ማዘንም ሆነ መደሰት ከልኬቱ ውጭ እንደሆነ በትሕትና አስረዳሁ።

«ገብቶኛል» አሉ። «ስምንት በይ።»

ቀጥለው እትዬ አምሳለ መጡ። ባል የሞተባቸው ናቸው፤ ከአንድ ወር በፊት ነፋስ የቤታቸውን ጣሪያ ገንጥሎ ወስዶታል። እሳቸውም ስምንተኛው ላይ ወጡ። መመሪያው አስተያየት መስጠትን እንደሚከለክል እያወቅሁ «የቤትዎ ጣሪያ እኮ የለም» አልኳቸው።

«ጣሪያውማ ሄዷል» አሉኝ ከላይ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «ታዲያ ወር ሙሉ ያሳደሩኝ እነማን ሆኑና? እነዚሁ የቆሙት አይደሉም? ሁለተኛው ላይ ብቆም ምን አደረጋችሁልኝ ማለቴ አይደለም እንዴ?»

ይህን የሚመልስ አንቀጽ በተማርኩበት መጽሐፍ አልነበረም። አንድ ጎልማሳ ወደ ዘጠነኛው ሊያልፍ እግሩን ሲያነሣ ከሕዝቡ መሐል «ይኼን ሚስትህ ታውቃለች?» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ሳቅ ሆነ፤ ሰውየውም እየሳቀ ስምንት ላይ ቀረ። ከወጡት መቶ አሥራ ሰባት ሰዎች መቶ አሥራ ስድስቱ በስምንተኛው እርከን ላይ ቆሙ። አንዱ ብቻ ቁርጭምጭሚቱን ስላመመው ሰባተኛው ላይ ቀርቶ ይቅርታ ጠየቀኝ።

በመጨረሻ የእኔ እኩያ የምትሆን ሴት መጥታ ከመሰላሉ አጠገብ ቆመች። የሻረግ ትባላለች፤ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ትርንጎ ወደ መንደሩ ሳትመጣ በፊት ሁለት ልጆች በምጥ ሞተውባታል። የአሁኑ የሚወለደው ወንዙ በሚሞላበት ወር ነው።

«እኔ እዚሁ ነኝ» አለችኝ።

«እርጉዝ ስለሆንሽ መውጣት አይፈቀድልሽም፤ አትጨነቂ፤ አማካዩን እሰጥሻለሁ።»

«ስላልቻልኩ አይደለም። ብችልም አልወጣም ነበር። በቀን ደህና ነኝ። ማታ ስተኛ ግን ያ ወንዝ ጆሮዬ ውስጥ ይጮኻል። ኑሮሽ የት ነው ካልሽኝ እዚህ ነው፤ መሬት ላይ።»

ከመቶ አሥራ ስምንት ሰው መካከል ጥያቄዬን የመለሰችልኝ እሷ ብቻ ነበረች። ቅጹን አገላብጬ አየሁት። መውጣት ባለመቻል መሬት ላይ የቆመ ሰው አለ፤ መውጣት እየቻለ መሬት ላይ የቆመ አለ፤ መውጣት ሳይችል፣ ቢችልም የማይወጣ ሰው ግን የሚጻፍበት ቦታ የለም። አማካዩን አሰላሁ። የሻረግ ሰባት ነጥብ ዘጠኝ ዘጠኝ ተሰጣት።

ወደ ዋናው ከተማ ተመልሼ ለአቶ ልሣነወርቅ ያየሁትን አንድ በአንድ ነገርኳቸው፤ ሰዎቹ ለእንግዳ ክብር፣ ለጎረቤት ውለታ ሲሉ እንደወጡ፣ ቁጥሩ ጨዋነታቸውን እንጂ ኑሯቸውን እንደማያሳይ። እስክጨርስ በትዕግሥት አዳመጡኝ።

«በጠቅላላው ደስ የሚል ሪፖርት ነው» አሉ።

«አዋላጇ ከተነሣች ክረምት ላይ ሰው ይሞታል፣ ጌታዬ።»

«ይህ እኮ የአንቺው መመሪያ ነው፣ ወይዘሪት። እኔ ፊርማ ብቻ ነው የጨመርኩበት።» ቅጹን ወደ እኔ አዙረው በጣታቸው ጠቆሙኝ። «ጨዋነት የሚሞላበት ሣጥን ወዴት አለ? አሳዪኝና ልሙላ።»

የገበያው ከተማ የሚባል ቦታ እንዳለ፣ እዚያ አማካዩ ሁለት ነጥብ አንድ እንደሆነ፣ ሦስት አዋላጆች እያሉትም አራተኛ እንደሚገባው ነገሩኝ። በዚያ ከተማ መውረድን የሚያስተምር መምህር በደመወዝ እንደተቀጠረ፣ ነዋሪዎች በልኬት ቀን ከመሰላሉ ሥር መንበርከክን እንደሚለማመዱ ሁሉም ያውቃል። ይህን ሳነሣ «ለመማር ያላቸው ተነሳሽነት የሚያስመሰግን ነው» የሚል መልስ ሰጡኝ።

ሦስት ቀን ቤተ መዛግብት ገብቼ አንድ አንቀጽ አገኘሁ። ከመቶ ሰው ዘጠናው በአንድ እርከን ላይ የቆመበት ልኬት አጠራጣሪ ስለሆነ አንድ ጊዜ ብቻ ይደገማል ይላል። አቶ ልሣነወርቅ አንቀጹን ሁለት ጊዜ አንብበው ፈቀዱ፤ ሕግ አክባሪ ሰው ናቸው። እኔ ግን በዚያን ቀን ሕግ አክባሪነቴን ትቼ ነው ከቢሯቸው የወጣሁት።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ወንዝ ማዶ በደረስኩበት ቀን ከሰዓት በኋላ ሰዉን በወፍጮ ቤቱ ሰብስቤ ሁሉንም ነገርኳቸው። ትርንጎ በዚያን ሰዓት ራቅ ባለ ጎጥ አንዲት ወላድ ዘንድ ነበረች። ወፍጮው ቆመ።

«ይኼን ያኔውኑ ብትነግሪን ምን ነበረበት?» አሉ ጋሽ ደባልቄ።

«መልሳችሁ ንጹሕ እንዲሆን ነበር።»

«አሁን ታዲያ ልንቆሽሽ ነው?»

«አዎን» አልኳቸው።

ተመካከሩ። ሁለተኛው እርከን ላይ ለመቆም ተስማሙ። እትዬ አምሳለ እርከኑን አልፈው እንዳይሄዱ ስለፈሩ ልምምድ እናድርግ አሉ። ከክፍሏ አንደኛ የወጣችው እኔ፣ የአገር ሽማግሌዎችን በሰልፍ አስቁሜ «አንድ፣ ሁለት፣ በቃ» እያልኩ ስለ ኑሯቸው እንዴት እንደሚዋሹ፣ ወይም እንዴት እውነት እንደሚናገሩ፣ የትኛው እንደሆነ ሳላውቅ ሳለማምዳቸው አመሸሁ። የሻረግ ጥግ ተቀምጣ ታየን ነበር። ስንበተን መጥታ እጄን ያዘችኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ሰልፉ ከተሠራ በኋላ ትርንጎ ከመንገድ ደረሰች። እንቅልፍ ያላየ ፊት ነበራት። መሬቱ ወጣ ገባ ስለነበር መሰላሉ ሲንገዳገድ አይታ፣ ዕቃዋን አስቀምጣ፣ ሳትጠየቅ በሁለት እጇ ደግፋ ያዘችው። በጤና ሙያዋ የለመደችው ነገር ነው፤ ሰው የሚወድቅ ከመሰላት ትይዛለች።

«ተይው፣ እኔ እይዘዋለሁ» አልኳት።

«አንቺ ጻፊ፣ የእኔ እናት። እዚህማ እኔ አለሁ» አለችኝ።

ጋሽ ደባልቄ አንደኛውን ረገጡ። ሁለተኛውን ረገጡ። ከዚያ ወደ ታች ተመለከቱ፤ ከእግራቸው ሥር መሰላሉን ይዛ ቀና ብላ የምታያቸው አራት የልጅ ልጆቻቸውን በእጇ የተቀበለች ሴት ናት። እዚያው ጥቂት ቆዩ። ከዚያ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን፣ እያሉ ወጡ። ስምንተኛውንም አለፉት። ዘጠነኛው ላይ ቆሙ።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አልኳቸው።

«ምን ላድርግ፣ ልጄ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እሷ ናት እኮ የያዘችው። ፊቷ ላይ ሁለት ብዬ ልቁም? ስድስት ዓመት ምን ሠራሽ ልበላት?»

ከሳቸው በኋላ የመጣው ሁሉ ወደ ሁለተኛው ይደርሳል፣ ወደ ታች ያያል፣ ይወጣል። እትዬ አምሳለን ገና ከመውጣታቸው በፊት ጠጋ ብዬ ትናንት የተስማማነውን አስታወስኳቸው። «አልረሳሁትም» አሉኝ። «ለሌላ ሰው ቢሆን እዋሽልሽ ነበር።» እሳቸውም ዘጠነኛው ላይ ቆሙ፤ ቁርጭምጭሚቱን ያመመው ሰውዬም እያነከሰ ዘጠነኛው ላይ ደረሰ። የሻረግ ወደ መሰላሉ አልቀረበችም። ከግቢው ግንብ ሥር ቆማ የሚወጡትን በዓይኗ ትቆጥር ነበር።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ጉዳዩን ለትርንጎ ነገርኳት። መሰላሉን ለቀቀችው። «ለእኔ ብላችሁ ነው?» አለች ወደ ሰዉ ዞራ። «ዝቅ ብላችሁ ብትቆሙ አልቀየማችሁም ነበር እኮ።» ማንም አላመናትም። እኔም አላመንኳትም።

አማካዩ ዘጠኝ ሆነ። ለየሻረግም ዘጠኝ ተሰጣት። ሁሉም በአንድ እርከን ላይ ቢቆሙም ድጋሚ ልኬት የሚፈቀደው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ውጤቱ ጸደቀ። ወንዝ ማዶ የአገሪቱ ሞዴል መንደር ተባለ፤ በመግቢያው ላይ ሰሌዳ ተተከለ። ለጠያቂዋም የምስጋና ደብዳቤ ተጻፈላት፤ በእርሷ ጥረት አንድ መንደር በስድስት ሳምንት ውስጥ ባለበት ኑሮ አንድ እርከን ከፍ ብሏል ይላል። ደብዳቤውን ይዤ ሦስት ሰዎችን «ባለበት ኑሮ» የሚለው ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅሁ። ሦስቱም እንኳን ደስ አለሽ አሉኝ።

የትርንጎ የዝውውር ትእዛዝ ከምስጋናው ደብዳቤ ጋር በአንድ ፖስታ ነበር። በአሥር ቀን ውስጥ ወደ ገበያው ከተማ እንድትሄድ ያዝዛል። ትእዛዙን የማደርሰው እኔ እንድሆን ተመደብኩ፤ መንደሩን በደንብ አውቀዋለሁና።

ስደርስ ትርንጎ አንብባ ፈረመች። ጋሽ ደባልቄ አዲሱን ሰሌዳ አሻግረው እያዩ «ጽሑፉ ያምራል» አሉ፤ ቀጥሎ ግን ፊታቸውን ከእኔ መለሱ። የሻረግ ስምንተኛ ወሯን ይዛ ነበር። እስከ ወንዙ ድረስ ቀስ እያለች ሸኘችኝ። ውኃው ገና ጉልበት አልደረሰም።

«አርባ ቀን ነው የቀረኝ» አለችኝ። «ትርንጎ ራሷ ናት የቆጠረችልኝ። ከዚያ በኋላ ይውሰዷት፤ እኔ አልከለክልም።»

«ደብዳቤ እጽፋለሁ።»

«ደብዳቤ አትጻፊ። ሄደሽ ባፍሽ ንገሪያቸው። አንቺን ይሰሙሻል፤ ሕጉን ያወጣሽው አንቺ ነሽ አሉ።»

በዚህ ቃሏ ውስጥ ወቀሳ ፈልጌ አጣሁ። ቢኖርበት ይቀለኝ ነበር።

አቶ ልሣነወርቅን ያገኘኋቸው በጽሕፈት ቤቱ ጓሮ ነው። አዲስ መሰላል እያሠሩ ነበር። ወንዝ ማዶ ዘጠኝ ስለደረሰ ሕዝቡ ከዚህ በላይ የሚያድግበት ቦታ እንዳያጣ አሥራ አንደኛ እርከን እንዲጨመር ታዟል። ረጅሙ እንጨት መሬት ላይ ተጋድሟል፤ እሳቸው በአንድ ጉልበታቸው ተንበርክከው የእርከኖቹን ርቀት በሲባጎ ይለካሉ።

ያለፈውን ሁሉ አልደገምኩትም። ስለ ጨዋነት፣ ስለ ሣጥኑ፣ ስለ ገበያው ከተማ አላነሣሁም። መመሪያው ስሕተት ነው እንኳ አላልኩም። አንዲት ሴት እንዳለች፣ ስሟ የሻረግ እንደሆነ፣ ሁለት ልጆች እንደቀበረች፣ ወንዙ ሊሞላ ጥቂት ሳምንት እንደቀረው ተናገርኩ። ዝውውሩ አይሰረዝ፤ ብቻ አርባ ቀን ይዘግይ፤ የገበያው ከተማ ሦስት አዋላጆች ስላሉት አርባ ቀን ቢጠብቅ የሚጎዳ ሰው የለም፤ የእኔን የምስጋና ደብዳቤ በለውጡ መልሰው ይውሰዱት አልኳቸው።

ቀና ብለው አላዩኝም። እንጨቱ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረጉ፣ አጠፉት፣ ትንሽ ዝቅ አድርገው እንደገና ምልክት አደረጉ። ከዚያም ሲባጎው ስለረዘመባቸው፣ ዓይናቸውን ከምልክቱ ሳይነቅሉ፣ የሲባጎውን ሌላ ጫፍ ወደ እኔ ዘረጉልኝ።

ተንበርክኬ ያዝኩላቸው።

«አርባ ቀን ብቻ፣ ጌታዬ» አልኳቸው።

ሲባጎውን ወጠሩት።